ሃያ ስድስት ቅዳሜ

ዶክተሩ ደብተሩን የሚያነበው እንደ ጥሩ ልቦለድ ነበር። ገጽ ሲገልጥ ጣቱን በምላሱ ያርሳል፣ አንዳንዴ ለብቻው ፈገግ ይላል። አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ ሲደርስ ጭራሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

«“ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል። ቢሆንም አራተኛ ፎቅ ድረስ ሳላርፍ ወጥቻለሁ። ትንፋሼ ደህና ነው። ጉልበቴን ግን ትንሽ አሞኛል፤ ትናንት ኳስ ስንጫወት ስለወደቅኩ ይመስለኛል።”» መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና በሩ አጠገብ ወደቆመችው ነርስ ዞረ። «ሰማሽ ሲስተር? ጉንፋን ይዟት እንኳ አልቀረችም። የጉልበቷን ሕመም ከልቧ ለይታ ጽፋለች። እኔ ትልልቆቹን ሰዎች ስንት ዓመት ስለምናቸው የኖርኩት ይሄንን ነው።»

የአሥራ አራት ዓመቷ አለቃ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። የክፍል አለቃ ሆና ከተመረጠች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፣ እናቷ እንኳ። ጣሪያው ላይ ዝናብ ያበላሸው ቡናማ ክብ አለ። አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ ጉንፋን አልያዛትም ነበር። ኳስም አልተጫወተችም። አራተኛ ፎቅም አልወጣችም።

«ድሮም እንዲህ ናት» አለች እናቷ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጇ ስትመሰገን የሻርፗን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛ እንደ ጥሩ ጨርቅ ታሻሻዋለች። «አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። እኔ ማሽን ላይ ስሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥታ ትመለሳለች። አንድ ቀን እንኳ ሂጂ ብያት አላውቅም።»

ወጥታ መመለሷስ እውነት ነው። የምትሄደው ግን ጎረቤት ቤት ተከታታይ ፊልም ልታይ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከሰባት ወር በፊት ነው። ሐኪሞች ትምህርት ቤት መጥተው የተማሪዎችን ደረት በየተራ ሲያዳምጡ ሁለት ሴት ልጆችን ከሰልፉ ለይተው አወጡ። አንዷ አለቃ ነበረች። ሌላዋ ከክፍሉ ሁሉ ረጅሟ፣ የአለቃ የልብ ጓደኛ ቀጭኔ። ሁለቱም ምንም አይሰማቸውም ነበር። ከትምህርት ስለተለዩ እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር።

ከዚያ ዶክተሩ ወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳቸው። ልብ ውስጥ፣ ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች አሉ። በልጅነታቸው ተደጋግሞ የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም በአንደኛው በር ላይ ጠባሳ ትቶ ስላለፈ የሁለቱም በር ግጥም ብሎ አይዘጋም፤ ትንሽ ደም ወደኋላ ያፈሳል። ስለዚህ በየአራት ሳምንቱ መርፌ፣ በየስድስት ወሩ የልብ አልትራሳውንድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ደብተር።

«ደብተሩ ለምንድነው?» ብላው ነበር ያን ጊዜ ቀጭኔ። «ማሽኑ ሁሉን ያይ የለ?»

«ማሽኑ ልብሽን ያያል፤ ኑሮሽን አያይም» አላት። «ልብ ይሉኝታ ያለው ነገር ነው። ሲደክመው ደከመኝ አይልም፤ ቀስ አድርጎ ባለቤቱን ልማድ ያስቀይረዋል። ሩጫ የምትወድ ልጅ ሩጫ ይሰለቻታል። ደረጃ የምትወጣዋ አሳንሰር መጠበቅ ትጀምራለች። ብትጠየቅ ምንም አላመመኝም ትላለች። እየዋሸች አይደለም፤ አላወቀችም። ስለዚህ በየሳምንቱ ያንኑ አራት ፎቅ ደረጃ ውጡና የሆነውን ጻፉ። ምንም ከሌለ ምንም የለም በሉ። እሱም ለኔ ወሬ ነው።»

አለቃ ግን ስድስት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፈችም። ለምን ትጽፋለች? ምንም አይሰማትም። ምንም የማይሰማው ሰው ምንም እንዳልተሰማው ለማረጋገጥ ደረጃ ሲወጣ ቢታይ ይሳቅበታል። ቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው ግን ደብተሩን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ከምሳ እስከ እራት ሳትነሳ ሃያ ስድስቱንም ቅዳሜ ጻፈች።

አለቃ ውሸትን የምትሠራው እንደ ቤት ሥራ ነው፣ በጥራት። ሦስት እስክሪብቶ ተጠቀመች፤ አንዱ ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰ። ሁሉም ቦታ «ምንም የለም» ከሆነ ያስነቃል ብላ ጉንፋን ፈጠረች፣ የጉልበት ሕመም ፈጠረች፣ አንዱ ሳምንት ላይ ደግሞ «ቅዳሜን ዘንግቼ እሁድ ወጣሁ» አለች። ይቺን ስትጽፍ ለራሷ አጨበጨበች ማለት ይቻላል። አሥራ ስድስተኛው ገጽ ላይ ሻይ ጠብ አደረገችበት።

በቀጠሮው ጠዋት እናቷ ካርድ ለማውጣት ስትሰለፍ ሁለቱ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የቀጭኔ አክስት ከሥራ መቅረት ስላልቻለች የአለቃ እናት ናት ሁለቱንም ይዛ የመጣችው። ቀጭኔ ቦርሳዋን ከፈተች። ደብተሯ ከሱቅ እንደተገዛ ነበር።

«ስጪኝ እስቲ ያንቺን» አለች፣ ልክ የሒሳብ የቤት ሥራ እንደምትጠይቀው።

«አንቺ፣ ቃል በቃል እንዳትገለብጪው።»

«ፋራ መሰልኩሽ እንዴ?»

ቀጭኔ ጉልበቱን ቁርጭምጭሚት አደረገችው። ጉንፋኑን ራስ ምታት አደረገችው። የፈጠራ ችሎታዋ እዚያ ላይ አለቀ።

አሁን ዶክተሩ የአለቃን ደብተር አስቀምጦ የቀጭኔን አነሳ። በፍጥነት ገለጠው። «ያንቺ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ነው? ኳሱን ሁለታችሁም ብትተዉት ይሻላል» አለ፣ ነርሷም ሳቀች። ከዚያ የአልትራሳውንዱን ምስል እንደገና አየ፣ ወደ ደብተሩም ተመለሰ።

«እውነቱን ለመናገር ያንቺ ምስል ትንሽ አሳስቦኝ ነበር» አላት ቀጭኔን። «የሚያፈሰው ደም ጨምሯል፤ የልብሽ የግራው ክፍልም ካለፈው ሰፋ ብሏል። ግን ገና ወሰኑ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚወስነው ምልክት መኖር አለመኖሩ ነው። የሚደክምሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ወደ ቀዶ ሐኪሞቹ ነበር የምልክሽ።» ደብተሩን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «አራት ፎቅ፣ ሃያ ስድስት ቅዳሜ፣ ሳታርፊ። ነው አይደል?»

ቀጭኔ አለቃን አየቻት። አለቃ ጣሪያውን አየች።

«ነው» አለች ቀጭኔ።

«እንግዲያው እንጠብቃለን። ከስድስት ወር በኋላ።» ፊርማውን አኖረ። ከዚያም የአለቃን ደብተር መልሶ አንስቶ ወደ እናቷ ዞረ። «ከፈቀዱልኝ ከዚህ ጥቂት ገጽ ኮፒ አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ልለጥፍ። ስሟን እሸፍነዋለሁ። ሌሎቹ አይተው ይማሩ።»

«ስሟን ለምን ይሸፍኑታል?» አለች እናቷ።

*

ቀጭኔ ከአክስቷ ጋር የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዚያን ቀን አሳንሰሩ ተበላሽቶ በሩ ላይ ካርቶን ተለጥፎበት ነበር። ቀጭኔ ካርቶኑን ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ አነበበችው።

«ሸወድነው አይደል?» አለች አለቃ ደረጃውን እየጀመረች። «የሲስተርን ሳቅ አየሽ? እኔ እኮ ቁርጭምጭሚት ሲል ልሞት ነበር።»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዞር ስትል ቀጭኔ ከታች፣ የደረጃው መታጠፊያ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስትነካካ አየቻት።

«ምን ሆንሽ?»

«ክሬ ተፈታ።»

አለቃ ጫማውን አየችው። እግር አስገብተው የሚሄዱበት ዓይነት ነው፤ ክር የሚባል ነገር የለውም።

«የምን ክር?»

«ማለቴ ጠጠር… ገብቶብኝ» አለች ቀጭኔ። ይቺን ለማለት ሁለት ጊዜ ተነፈሰች።

አለቃ ወርዳ አጠገቧ ቆመች። የቀጭኔ አንገት ሥር ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ በፍጥነት ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ያን ጊዜ ነው ሌሎቹ ነገሮች አንድ በአንድ የመጡባት። ቀጭኔ መረብ ኳስ ያቆመችው አሠልጣኙ ነገረኛ ስለሆነ ነው ብላ ነበር። በእረፍት ሰዓት ከክፍል የማትወጣው ፀሐይ ስለማትወድ ነው። ሁለት ትራስ የምትደራርበው ተኝታ ስልክ ለማየት ስለሚመቻት ነው። ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ነበራት፤ ሁሉም ደግሞ የሚያስቅ። አለቃም በሁሉም ስቃለች። «ሰነፏ ቀጭኔ» የሚለውን ስም ለክፍሉ ያስተዋወቀችው እንዲያውም ራሷ ናት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አቦ፣ ሙድ አትያዢብኝ።»

ቀጭኔ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «የመጀመሪያው ቅዳሜ ሞክሬ ነበር። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ ልጽፈው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ከተጻፈ እኮ እውነት ይሆናል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሻለኛል ብዬ ተውኩት፣ ከዚያ የሚቀጥለውን…» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ዛሬ ያንቺን ሳይ ደግሞ በጣም ያምር ነበር። እንዲህ ቢሆን አልኩ።»

«ንገሪው።»

«ሞቼ እገኛለሁ» አለች ቀጭኔ፤ ያለችውን ሰምታም ራሷ ሳቀች። ሳቁ ግን አልዘለቀም፤ ትንፋሽ አልበቃውም። «ደረቴን ይከፍቱታል። ዓመቱን እደግማለሁ። አክስቴ ከሥራ ትቀራለች። ደግሞስ ምን ብዬ ነው የምነግረው? የሷን ገለበጥኩ ልበለው? አንቺም አብረሽኝ ትጋለጫለሽ። ዝም ብንል አይሻልም? ለሁለታችንም።»

ይቺን የመጨረሻዋን ስትሰማ አለቃ ቀለል አላት። ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው። ከዚያ ምን እንዳቀለላት ገባትና ፊቷ ከጆሮዋ ጫፍ ጀምሮ ጋለ።

«ቦርሳሽን አምጪው» አለች። ሁለቱንም ቦርሳ ተሸክማ፣ ቀጭኔ በቆመች ቁጥር እየቆመች፣ አራተኛው ፎቅ አደረሰቻት። ስለ ነገሩ ዳግም አላነሱም።

*

የአለቃ እናት ወሬውን እንደ አዲስ ፋሽን ልብስ ነው ያሰራጨችው። ደንበኛ ሊለካ ሲመጣ፣ ሜትሩ ወገቡ ላይ እያለ ማምለጫ ስለሌለው፣ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ይሰማል።

«ሃያ ስድስት ቅዳሜ» ትላለች መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች። «ጉንፋን ይዟት። ዶክተሩ ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው ነው።»

ዩኒፎርም ልታሳጥር የመጣች አንዲት እናት ልጇን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «ሰማሽ? አንቺ አልጋሽን ማንጠፍ አቅቶሽ።» ልጅቱ አለቃን ገላመጠቻት። አለቃ ጓዳ ገብታ የተለቀመ የሸሚዝ ቁልፍ ደግማ ለቀመች።

ቅዳሜ ደረሰ። ማንም ሳይልካት የቀጭኔ ሕንፃ ሄደችና ከምድር ቤት ተነስታ ደረጃውን ወጣች። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። አላረፈችም። ትንፋሿ ደህና ነው። ልቧ ትንሽ ፈጠን አለ እንጂ እንደማንኛውም ደረጃ እንደወጣ ሰው ነው። ጉልበቷን እንኳ አላመማትም። የቀጭኔ በር ፊት ለፊት ቆማ ይህን ሁሉ ስታስብ የሚያስቅ ነገር ታያት፣ ሳቁ ግን አልመጣም። ስለ ልቧ የጻፈችው በሙሉ እውነት ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ስትዋሽ ውላ በራሷ ልብ ላይ ምንም አልዋሸችም። ውሸቱ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ ነው።

በሩን ሳታንኳኳ ተመለሰች። በሚቀጥለው ሳምንት መርፌ አላቸው፤ ያን ጊዜ ቀጭኔ ራሷ ትናገር ይሆናል ብላ አሰበች። ይህንንም ያሰበችው ስለሚመቻት እንደሆነ ታውቃለች።

*

የመርፌው ቀን ኮሪደሩ ጢም ብሎ ነበር። ኮፒዎቹ ከነርሷ ክፍል አጠገብ ግድግዳው ላይ አራቱም ማዕዘናቸው በፕላስተር ተይዞ ተለጥፈዋል። ርእስ ተሰጥቷቸዋል፦ «ማስታወሻ እንዲህ ይያዛል»። የሻዩ ጠብታ እንኳ በኮፒው ላይ ግራጫ ሆኖ ወጥቷል።

ከወረቀቱ ፊት ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል። የራሳቸውን ደብተር መዳፋቸው ላይ ዘርግተው እየጻፉ ነው።

«ይቺ ናት ልጄ» አለቻቸው የአለቃ እናት፣ ሳይጠይቋት። «የጻፈችው።»

«ኧረ እባክሽ።» ሽማግሌው በአክብሮት ዞሩ። «ጡረተኛ መምህር ነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ድርሰት አስተምሬያለሁ። ይቺ “ቅዳሜን ዘንግቼ እሁድ ወጣሁ” ያልሽው፣ ግሩም ናት። ሰው ያምናታል። እሷንም ወስጃታለሁ።»

አለቃ ደብተራቸውን አየች። እውነትም ወስደዋታል። ከሥሯ ጉንፋኑም አለ።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ እናቷ ወንበር ልትይዝ ፈንጠር እስክትል ጠብቃ። «እርስዎ ደረጃውን ወጥተዋል?»

«በዚህ ጉልበት?» ሳቁ። «ዶክተሩ ደስ እንዲለው ነው እንጂ ልጄ። ደግ ሰው ነው፤ ባዶ ደብተር ሲያይ ያዝናል።»

ተመልሰው መጻፍ ጀመሩ። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደርሰዋል። የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል።

አለቃ ወደ ነርሷ ሄደች።

«ሲስተር፣ ዶክተሩን ላገኘው እፈልጋለሁ።»

«ዛሬ መርፌ ብቻ ነው ያለሽ።»

«አውቃለሁ። ሁለት ደቂቃ ብቻ።»

«ምነው፣ አሞሻል?»

«እኔን አይደለም።»

ነርሷ አየቻትና «እሺ፣ አሁን ያለው ሰው ሲወጣ» አለች። አለቃ ስትዞር ቀጭኔ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«አንቺ ምን ልትይው ነው?»

«የኔን። አንድም ቅዳሜ እንዳልወጣሁ።»

«ከዚያስ? የኔንና ያንቺን አስተያይቶ አይደርስበትም? ቁርጭምጭሚት አደረግኩት እኮ፣ ሌላው ሁሉ ያንቺ ነው።»

«ይደርስበታል።»

«ጎሽ። ጀለሴ ናት ብዬ ነበር» አለች ቀጭኔ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንደ ድሮው ብትጮህ ይሻል ነበር። «አሁን ጻድቅ መሆን አማረሽ። ስትጽፊው የት ነበርሽ?»

አለቃ ለራሷ ስታዘጋጅ የሰነበተችው መልስ ሁሉ የሚያምር ነበር፤ ስለዚህ አንዱንም አልተናገረችውም።

«ፈርቼ አይደለም ዝም ያልኩት» አለች በመጨረሻ። «አፍሬ ነው። አንቺ ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ ዝም እንበል ስትይኝ ደስ አለኝ። ገባሽ? አንቺ መተንፈስ አቅቶሽ እኔ ደስ አለኝ፣ እናቴ ስለማትሰማ።»

ቀጭኔ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሽማግሌው ገጽ ገለጡ። የሆነ ሰው ተጠራ፣ የሆነ ሰው ተነሳ። ቀጭኔ ሄዳ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አለቃም አልተከተለቻትም።

የዶክተሩ በር ተከፍቶ አንዲት ሴት ስትወጣ ነርሷ አለቃን በእጇ ጠራቻት። በዚያው ቅጽበት ቀጭኔ ከወንበሩ ሳትነሳ ረጅም እጇን ዘረጋች። በጣቶቿ መሃል የሕክምና ካርዷን ይዛለች።

«ከገባሽ አይቀር የኔንም አሲዢው» አለች ወለሉን እያየች። «ከዚያ ጥሪኝ። ራሴ ነኝ የምነግረው፤ አንቺ ስትናገሪ ታሳምሪዋለሽ።»

አለቃ ካርዱን ተቀበለች።

«ብቻሽን ነሽ ወይስ ከእናትሽ ጋር?» አለቻት ነርሷ።

እናቷ ኮሪደሩ መሃል ቆማ ለጡረተኛው መምህር አንዱን መስመር በጣቷ እያሳየች ነበር። ብቻዋን ብትገባ ዶክተሩ ደግ ሰው ነው። ወረቀቱን አንድ ቀን በጸጥታ ያነሳው ይሆናል። እናቷም ባትሰማ፣ ደንበኞቿ ወገባቸውን ሲለኩ ያንኑ ታሪክ እየሰሙ ይኖራሉ።

«ከእናቴ ጋር» አለች አለቃ፣ ከዚያም ጠራቻት። «እማ፣ ነይ አብረሽኝ ግቢ።»

እናቷ ሻርፗን አስተካከለች። «ይቅርታ አባባ» አለቻቸው ሽማግሌውን። «ዶክተሩ ደግሞ ሊያመሰግናት ነው መሰለኝ።»

አለቃ አላረመቻትም። በሩን ከፍታ አስቀደመቻትና ሁለቱን ካርዶች ይዛ ተከትላት ገባች።